በዳምጤ አልፋልፋ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ

በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የእፅዋት ጥበቃ ጀማሪ ባለሙያ ሆኜ ሥራ የገባሁ ዕለት የምቀመጥበት ወንበር እንኳን አልነበረኝም። የቡድን መሪያችን አቶ ፈንታሁን ከመደርደሪያው ላይ አንድ ነጭ ባልዲ፣ አንድ አጉሊ መነጽርና የነፍሳት መያዣ መረብ አውርደው ሰጡኝ። የመረቡ እጀታ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል።

«ወንበሩ ይደርሳል» አሉኝ። «ከጋፋት ማዶ የአንዲት ሴት አልፋልፋ ውርጭ መታው ተብሏል። ሂጂና እዪው። ውርጭ ከሆነ የምናደርግለት ነገር የለም። ካልሆነ ደውዪልኝ።»

ወሩ ኅዳር ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ በኅዳር ውርጭ ቢወርድ የሚደነቅ የለም። እኔም ነገሩን ቀላል አድርጌ ነው የሄድኩት።

ከጉብታው ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳየው ማሳው ነጭ ነበር። ፀሐይ ከፍ ብላለች፣ የሳሩ ጤዛ ደርቋል፤ እሱ ብቻ ግን አመዳይ እንደወረደበት ነጥቶ ተኝቷል። በዚያው ቦይ ውሃ የሚጠጣው የጎረቤት ድንች አረንጓዴ ነው። ውርጭ ድንችን አይምርም። ድንቹን ትቶ አልፋልፋውን የሚመታ ውርጭ አላውቅም። እዚያው ቆሜ ትንሽ ቀዘቀዘኝ።

ባለማሳዋ ወይዘሮ የሺወርቅ መንገድ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ባሏ ዳምጤ አልፋልፋውን ዘርቶ ገና አንድ ሁለቴ እንዳጨደው ታሞ የሞተ ነው። የቀራት አንዲት የወተት ላም ናት፤ ላሚቱም ከዚህ ማሳ በሚታጨደው ነው የምትኖረው። በደረስኩ ጊዜ አንድ እቅፍ ታጭዶ ፊቷ ተጥሎላታል። አሽታ ወደ ኋላ ትላለች፤ ጆሮዋን አቁማ ማሳውን ታያለች።

«ሰሞኑን እንዲህ ናት» አለችኝ የሺወርቅ።

ከማሳው ዳር አንዲት ቆብ የደፉ አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የዳምጤ እናት እማሆይ ጥሩነሽ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል።

«ማን ነሽ ልጄ?» አሉኝ ኮቴዬን ሰምተው።

«ከግብርና ነኝ፣ እማሆይ። ማሳውን ላይ ነው የመጣሁ።»

«የሚታየውን እነሱ ያሳዩሽ። እኔ የምሰማውን ልንገርሽ። ዳምጤ እዚህ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ይንሾካሾካል።»

የሺወርቅ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እኔ ወደ ማሳው ገብቼ ቁጢጥ አልኩ። ነፋስ የለም። ወፍ የለም። ከዚያ ሰማሁት። ሰው ከጎረቤት ክፍል ሆኖ፣ ቃሉ እንዳይለይ አድርጎ፣ ሳያቋርጥ የሚያወራ ይመስላል። ከግራም ከቀኝም ይመጣል። ተነሥቼ መሮጥ አማረኝ። የያዘኝ መሣሪያዎቹ በእጄ መሆናቸው ነው።

አንድ እፍኝ አገዳ ነቅዬ ጫፉን ወደ ታች ዘቅዝቄ ባልዲው ውስጥ አራገፍኩት። የባልዲው ሥር በአረንጓዴ ትል ተሸፈነ። በአጉሊ መነጽሩ ሳየው ጭንቅላቱ ጥቁር ነው፤ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር አለው። ቅጠሉን በልቶ የሚያስቀረው ጅማቱን ብቻ ስለሆነ ማሳው ከሩቅ ሲያዩት ይነጣል። ድምፁም ይኸው ነበር፤ ያ ሁሉ ትል ሲበላና ኩሱ ከቅጠል ቅጠል ሲረግፍ።

ፎቶ አንሥቼ ላክሁና ደወልኩ።

«ባለ ኩምቢ ጢንዚዛ ነው» አሉኝ አቶ ፈንታሁን። «ያየሽው ልጁን ነው፣ ገና ትል እያለ። አፈሙዙ እንደ ኩምቢ የረዘመው ትልቁ ነው። አበባ ሳይጠብቁ ሙሉውን ከሥሩ ይጨዱት። ያጨዱትንም በዚያው ቀን ከማሳው ያውጡት፤ ከተውት ትሉ ከሥሩ ተጠልሎ አዲሱን ቀንበጥ ይጨርሳል። ፀሐይ የቀረውን ያደርቀዋል። መድኃኒት አትርጪ። ላም የምትበላው ነው፤ ንብም አለ።»

ይህን ስንነጋገር የሟቹ ታላቅ ወንድም አቶ ስንታየሁ ደረሱ። በእጃቸው ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ይዘዋል። ከአንበሳሜ ገበያ ነው ያመጡት።

«ይሄ ዝንብም አያስተርፍም ተብያለሁ» አሉ።

«ምን እንደሆነ ያውቁታል?»

«ይገድላል። ሌላ ምን ልወቅ?»

«ላሚቱ ብትበላው እሷንም ይገድላታል። ወተቱን የሚጠጡት ደግሞ እናትዎ ናቸው።»

ጠርሙሱን ወደ ኪሳቸው መለሱት እንጂ አልጣሉትም። ልብ ብዬ አየሁት።

በማግሥቱ የሰፈሩ ሰው ማጭድ ይዞ መጣ። እየታጨደ በሸራ ወደ ሜዳው ወጣ። እማሆይ ከድንጋያቸው አልተነሡም። የመጨረሻው መደብ ሲታጨድ ከእኔ ጋር ጎን ለጎን ነበሩ። ድምፁ ከየጥጉ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ።

«ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

ትል ነው እንዳልላቸው ፈራሁ፤ ምናልባት ሌላ ሰው ነግሯቸው ይሆናል ብዬ ሸራውን ወደሚጎትቱት ሄድኩ።

ማሳው ከሥሩ ማቆጥቆጥ ጀመረ። እኔም ወደ ሌላ ቀበሌ ተላክሁ፤ ስንዴ ዋግ ይዞት ነበር። ጥር ላይ የሺወርቅ ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

«እማሆይ ቤት ገብቷል ይላሉ።»

«ማን?»

«ዳምጤ። ክፍሉ ውስጥ ነው ይላሉ። እኔም ሰማሁ መሰለኝ። ስንታየሁ ደግሞ ክፍሉን በዚያ ነገር ልርጨው ብሏል። እማሆይ የሚተኙት ከግድግዳው ወዲህ ነው።»

በመጀመሪያው ባጃጅ ሄድኩ፤ ባጃጅ የማይገባበትን በእግሬ ጨረስኩት። አቶ ስንታየሁ በር ላይ የጀርባ መርጫ ይዘው ቆመዋል። እማሆይ በሩን በጀርባቸው ደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«እናቴ ከመንፈስ ጋር እየኖሩ ነው» አሉኝ አቶ ስንታየሁ። «ይብቃ እንግዲህ።»

«ቀድሜ ልየው። መንፈስ ከሆነ የእርስዎ መድኃኒት አይሠራበትም። ነፍሳት ከሆነ እኔ አወጣዋለሁ።»

እማሆይ እጄን ፈልገው ያዙኝ። «አትግደይው» አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው ከበሩ ራቅ አሉ።

ክፍሉ ከቀብሩ ቀን ወዲህ አልተከፈተም። መስኮት የለውም። አልጋ፣ ባዶ ማዳበሪያ፣ ጫማ፣ ከግድግዳው ላይ ደግሞ የዳምጤ ጋቢ ተሰቅሏል። የስልኬን መብራት ስይዝበት ጋቢው ተንቀሳቀሰ። ነፋስ አልነበረም። ከላይ እስከ ታች፣ በትከሻው እንደሚተነፍስ ሰው፣ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ አለ። ከኋላዬ የሺወርቅ ስታማትብ ሰማሁ።

ቀረብ ብዬ እጥፋቱን በጣቴ ገለጥኩት። ቡናማ ጢንዚዛ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ሞልቶታል። ከአጨዳው የተረፈው ካደገ በኋላ ማሳውን ትቶ ይወጣል፤ ደረቁ በጋ እስኪያልፍ ጭር ያለ ጨለማ ቦታ ገብቶ ይተኛል። ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። እንዲህ የሰው ልብስ ውስጥ ትከሻ ሆኖ አየዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ጋቢውን እንደተሰቀለ በሸራ ጠቅልለን ወደ ግቢው አወጣነው። ባልዲ ውስጥ ሳሙና በውሃ በጥብጬ፣ ሸራውን ዘርግተን ጋቢውን ማራገፍ ጀመርን። ቆርቆሮ ላይ የበረዶ ፍሬ ሲወርድ እንደሚሰማው ነው የረገፈው። ከዚያ ጸጥ። ሁሉም እግሩን ሰብስቦ በጀርባው ተጋድሟል።

«አለቀ፣ ሞተ» አሉ አቶ ስንታየሁ።

«አልሞተም። ሲነኩት የሞተ ይመስላል።»

እማሆይ ድምፁን ተከትለው መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። «አንዱን ስጪኝ» አሉ።

የሺወርቅን አየኋት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። አንዱን አንሥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። በሌላው እጃቸው ጣት ዳሰሱት፤ ኩምቢው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይሄ ነው እንግዲህ?»

«ይሄ ነው፣ እማሆይ። ማሳው ውስጥ ያዳመጡትም የዚህ ልጅ ነው። ጢንዚዛ ነው።»

መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ቆይቶ ጢንዚዛው አንድ እግሩን ዘረጋ፤ ከዚያ ሌላውን፤ ተገልብጦ በመዳፋቸው ላይ ይሄድ ጀመር። የእማሆይ ፊት እንደዚያ ሲሆን ዳግመኛ አላየሁም። ደስታ ልለው አልችልም፤ ፍርሃትም አይደለም።

«ተነሣ» አሉ በዝግታ።

የጣታቸው ጫፍ እስኪደርስ ድረስ ተዉት። ከዚያ ባልዲውን በእጃቸው ፈልገው መዳፋቸውን ውሃው ላይ ገለበጡት።

«ጋቢውን እጠቡትና ስጡኝ። ብርድ ነው» አሉ።

ሸራውን ጠርገን ባልዲው ውስጥ ከተትነው። ክፍሉን ከፍተን፣ ማዳበሪያውን አውጥተን፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ መረግነው። ጭቃውን ያቦኩት አቶ ስንታየሁ ናቸው። ጠርሙሱን ያለ ንግግር ሰጡኝ፤ ጊዜ ያለፈባቸው ኬሚካሎች ከሚቀመጡበት መጋዘን አስገባሁት።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ማዳበሪያው ውስጥ፣ አልጋው ሥር፣ ጣሪያው ላይ አንድም ጢንዚዛ አላገኘንም። ጋቢው ውስጥ ብቻ ነበር። አቶ ፈንታሁንን ስጠይቃቸው «ከጣሪያው ክፍተት አጠገብ ስለተሰቀለ ይሆናል» አሉኝ። ተመልሼ አየሁት። ክፍተቱ በወዲያኛው ግድግዳ ነው። ይህንንም ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ አላውቅም» አሉኝ። የቡድን መሪ አላውቅም ሲል የሰማሁት ያኔ ነው፤ ስለዚያም አከብራቸዋለሁ።

በቀጣዩ ወቅት የሺወርቅ አበባ ሳይወጣ አጨደች። ትሉ ጥቂት ነበር፤ ላሚቱም በላች። እማሆይ በጋቢው ተጠቅልለው ከማሳው ዳር መቀመጣቸውን አልተዉም። ምን ይሰማሉ ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ዛሬ እኔም የቡድን መሪ ነኝ። ለአዲስ ገቢዎች መጀመሪያ የማሳያቸው አገዳ ባልዲ ውስጥ ማራገፍ ነው። ከዚያ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ገበሬው በማሳው ውስጥ ሰማሁ የሚለው ነገር ካለ፣ ምን እንደሆነ ከመንገራችሁ በፊት ቁጢጥ ብላችሁ እናንተም ስሙት።