ዘጠነኛው ክፍል

እኔ ሆላንድ፣ ዞተርሜር ከተማ፣ እጮኛዬ ማርታ አዲስ አበባ ሆነን ቪዛዋን ስንጠብቅ፣ አንድ አሜሪካዊ ተከታታይ ኮሜዲ በየእሁዱ አንድ ክፍል፣ ስልክ ከፍተን አብረን እናይ ነበር። ማናችንም ብቻችንን ላንቀድም ተማምለናል። እኔ ግን ናፍቆቱ ሲበረታብኝ አሥረኛውን ክፍል ሰርቄ አየሁ።

የቪዛው ቃለ መጠይቅ ላይ እኔን እዚህ፣ እሷን አዲስ አበባ ለየብቻ ጠየቁን።

"አብራችሁ የምታዩት ፊልም የት ደረሰ?"

ማርታ "ዘጠነኛው ክፍል" አለች። እኔ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ባለቤቱ፣ ደንግጬ "አሥረኛው" አልኩ። ግንኙነታችን እውነተኛ አይደለም ተብሎ ቪዛው ተከለከለ። በአንዲት ክፍል! ዓመታት አልፈውም ያንገበግበኛል።

ማርታ ደወለች። "አንድ ክፍል መጠበቅ ያቃተህ ሰውዬ፣ እኔን ስንት ዓመት ልትጠብቀኝ ነው?" ብላ ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም።

ባለፈው እሁድ ዴን ሃግ ከተማ ትራም ውስጥ ተቀምጬ፣ ፊልሙን እናይበት የነበረውን የጋራ አካውንት ልዘጋ ከፈትኩት። በእሷ ስም የታዩት ክፍሎች ከነቀናቸው ተደርድረዋል። ገና አብረን አራተኛው ላይ ሳለን፣ ማርታ ብቻዋን ሃያ አራቱንም ጨርሳ ነበር።

ከዚያም በኋላ በየእሁዱ፣ አንዱንም እንዳላየች ሆና አብራኝ ስትስቅ ኖራለች።