አያ ቢሻው ያመጡት ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ ጤና ጣቢያ ለምርመራ ሄጄ አንዲት ወጣት ነርስ ስሜ የተለጠፈበት የሽንት ኩባያ ሰጠችኝ። «አባባ፣ የራስዎን ነው ታዲያ!» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በጃንሆይ ዘመን እዚሁ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ረዳት ነበርኩ። የላብራቶሪ ሥራ ያስተማረኝ የለም፤ ዳር ዳሩን አይጥ ከበላው መጽሐፍ በራሴ የለቀምኩት ነው። ከሁሉ የምወደው የወባ ክኒን በሽንት ውስጥ መኖሩን የምናይበትን ምርመራ ነበር። ቢጫ ፈሳሽ ጠብ አድርጎ መነቅነቅ ነው፤ መድኃኒቱ ቅንጣት ታህል ካለ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፣ በበዛም ቁጥር ይደምቃል።

ጥቅምት ላይ፣ ዳጉሳው ሳይታጨድ፣ አያ ቢሻው የሚባሉ የአዲስ ቅዳም ገበሬ ትንሽ ልጃቸውን ጥሩዬን አዝለው መጡ። ቆላ ወርዳ ወባ ይዟት ነበር። ክኒን ተቀብለው ገበያው አጠገብ ዘመድ ቤት አረፉ፤ ትኩሳቱ ግን አልበረደምና አንድ ጠዋት መልሰው አመጧት።

«ክኒኑን ሰጥተዋታል ወይስ ጠበል ብቻ ነው?» አሉ ሀኪሙ።

«በማርያም! በእጄ ነው ያስዋጥኳት።»

ሀኪሙ አላመኑም። መድኃኒቱ በገላዋ ካለ፣ በላዩ መርፌ መድገም ልቧን ሊያቆም ይችላል፤ ከሌለ ደግሞ ሳይወጉ ማሳደር መግደል ነው። ስለዚህ ሽንቷን እንዲያመጡ ታዘዙ።

ረፋዱ ላይ በአረቄ ጠርሙስ አመጡ፣ አፉን በጨርቅ ወትፈው። ትንፋሼን ይዤ ጠብታውን ለካሁ። ቢጫው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ደገምኩት፤ ያው ነው።

«ምንም የለባትም» አልኳቸው ለሀኪሙ። ወጓት። ከሰዓት በኋላ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ አያ ቢሻው ጠርሙሱን ሊወስዱ ተመለሱ፤ የተውሶ ነበር። በኩታቸው የቋጠሩትን ቅቅል ድንች ፈትተው ፊቴ አኖሩ።

«ብላ እንጂ፤ አንተም ደክመህላታል» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሀኪሙ እንዳይሰማ እንጂ፣ የሷን አልነበረም ያመጣሁት። የራሴን ነው። የታመመ ልጅ ሽንት ባዕድ እጅ ከገባ ድግምት ይደገምበታል ይላሉ በእኛ አገር። ያንንስ ጠብቄላታለሁ።»

ድንቹ ገና ትኩስ ነበር። አንዱን ልጬ በላሁ። ከዚያች ማጽናኛ ሌላ የቀራቸው ነገር ስላልነበር ምንም አልነገርኳቸውም።

ምርመራዬ ትክክል ነበር፤ አንዲት ጠብታ አላጓደልኩም። ይህን ማወቄ ግን አንድም ቀን አሳርፎኝ አያውቅም።

ከሽንት ቤት ስመለስ ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ ለነርሷ አስረከብኩ። «የእኔ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለችኝ።