ሱሪው የማይጠበው ልብስ ሰፊ

የሰፈሩን ወገብ ሁሉ ሲለካ የኖረ ልብስ ሰፊ የራሱን ሆድ ሳያይ ሃምሳን ተሻገረ ቢባል ማን ያምናል? ሌላ ሰው ሲወፍር ሱሪው ይነግረዋል። የእኛ ሰውዬ ግን ሱሪው ጠበቅ ባለው ቁጥር ስፌቱን ይተረትርና ትንሽ ለቀቅ አድርጎ መልሶ ይሰፋዋል። እንዲህ እያለ ሱሪው ሁሉ እንደተመቸው ኖረ።

ሐኪሙ ጉበቱ ላይ ስብ እንዳለ፣ የደም ግፊቱም ከፍ እንዳለ ሲነግረው ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ ዕድሜ ስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ነው የቀረው። እሷ ያንን አልረሳችም። እሱ ግን መንገዱን ሙሉ፣ "ሐኪም ካላጋነነ እንጀራው አይበስልለትም" እያለ ሲቀልድ ቤት ደረሱ።

ልጃቸው ስፖርት ወዳድ ናት። "አባዬ፣ እኔ የምሠራውን ሞክር። ግማሽ ደቂቃ ባለ በሌለ ኃይልህ ትሠራለህ፣ ታርፋለህ፣ እንደገና ትሠራለህ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ሐኪምህን ጠይቅ፣ ስትጀምርም ለስለስ አድርገው" አለችው። እሱ የሰማው ሃያ ደቂቃ የሚለውን ብቻ ነው። ሚስቱ በየማታው የምትወጣውን የአንድ ሰዓት የእግር መንገድማ የሥራ ፈት ነገር አድርጎ ነበር የሚቆጥረው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛውን ገፋ አድርጎ መዝለል ጀመረ። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡ። በሦስተኛው ዙር ልቡ በአፉ ልትወጣ ደረሰችና ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ሚስቱ ሮጣ ውሃ አመጣችለት።

"ጥለኸኝ ለመሄድ ነው እንዲህ የምትጣደፈው?" አለችው። በራሱ አፈረ።

በማግሥቱ ማታ አብሯት ወጣ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አላት፣ ኩራቱን ለማዳን።

"ሆድህም የመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ እንደ አመጣጡ ይሸኛል" አለችው።

ወሬ እያወሩ መሄዱን ወደደው። ልጃቸው ዝላይዋን አልተወችም፤ ለእሷ ሰምሮላታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግፊቱ ቀነስ አለ። ሐኪሙም ሁለቱም መንገድ እንደሚያዋጣ፣ ዋናው ግን የማይተዉትን መምረጥ እንደሆነ ነገረው።

አንድ ማታ ጥግ ላይ የሚሠራው ጫማ ጠጋኝ ሚስቱን፣ "እትዬ፣ አሞዎታል እንዴ? ድሮ እኮ ሰላም እስክልዎት ያልፉኝ ነበር!" አላት። እሷ ስቃ አለፈች። ባሏ ግን ነገሩ ገባው።

"ለእኔ ብለሽ ነው የምታዘግሚው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ስፖርትሽን አበላሸሁብሽ አይደል? እኔን ተዪኝና እንደለመድሽው ሂጂ። ከኋላ እደርሳለሁ።"

ቆም ብላ አየችው። "ድሮ የምፈጥነው ለስፖርት መሰለህ? ወንድምህ ከሞተ ወዲህ አንተን ስፌት መኪናው ላይ ትቼ በወጣሁ ቁጥር፣ ስመለስ ምን ሆኖ አገኘው ይሆን እያልኩ ነበር የምሮጠው።"

በዚህስ አልቀለደም፤ ጠጋ አላት።

"አሁንማ አጠገቤ ነህ" አለችና ክንዱን ያዘች፤ "ወዴት ልቸኩል?"