ኔትወርክ የለም የተባልኩበት ዓርብ

ባለፈው ሳምንት ቢቸና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። የጎረቤታችንን ልጅ የፈተና ውጤት ላይላት ነው የሄድኩት። ከፊቴ ሰባት ስምንት ሰው አለ። አንዱ የሥራ ማስታወቂያ ሊያይ፣ አንዱ ፎርም ሊሞላ፣ አንዲት እናት ደግሞ ዓረብ አገር ላለች ልጃቸው ፎቶ ሊያስልኩ። ተራዬ ሊደርስ ሲል ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ "ኔትወርክ የለም" አለች። ሰው ሁሉ አጉረመረመ። እኔ ግን መጀመሪያ ፊቷን አየሁት። ማስቲካ ታኝካለች፤ እሷም እንደ እኛው ተሰላችታለች። እውነቷን ነው ብዬ ወጣሁ።

እንዲህ ሲባል የሰው ፊት ማየት የለመድኩት ሞጣ ነው። ወንድሜ የሺዋስ በሞተበት ዓርብ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሞጣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መሞቱን ያውቅ ነበር። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁንም እንዴት እንደምለው አላውቅም። እንደመጣልኝ ልበለው።

አባታችን የሞተው እኔ ገና አፌን ሳልፈታ ነው። የሺዋስ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ደብተር የገዛልኝ፣ ፊደል ያስቆጠረኝ፣ ሲያስፈልግም በአርጩሜ የገረፈኝ እሱ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቆ ከየጥኖራ አልፎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደበ። እኔ ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍልን ሞጣ፣ አክስቴ ትርንጎ ቤት ሆኜ እማር ነበር። እናታችን ቢቸና ብቻዋን ቀረች። እንዲህ ሦስት ቦታ ተበታትነን በስልክ እንገናኝ ነበር።

የሺዋስ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር፤ ዲግሪውን መማር። ያ ዓመት ለመምህራን የትምህርት ዕድል የወጣበት ዓመት ነው። ማመልከቻው ግን በኢንተርኔት ብቻ ነው የሚሞላው። እሱ ያለበት ቀበሌ እንኳን ኢንተርኔት፣ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት መብራት እንኳ የለም፤ ለዚያ የገበያ ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ተሰጠ። "አንተ ከተሜ ነህ" ይለኝ ነበር እየሳቀ። "እኔ አስተማርኩህ፣ አሁን ደግሞ አንተ አስተምረኝ።"

የሞጣው ቤተ መጻሕፍት ሁለት ክፍል ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው። በአንዱ መጻሕፍት፣ በአንዱ አራት ኮምፒውተሮች። ቅዳሜ ጠዋት ለሕፃናት ተረት ይነበባል። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኦንላይን አገልግሎት አለ፤ ፎርም መሙላት ለማይችል ሰው ይሞላለታል። ሁሉንም የሚሠሩት እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ከወሎ ተመድበው የመጡ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ገበሬውን "አባቴ፣ የእናትዎን ስም ይንገሩኝ" እያሉ ሲጠይቁ የሚናደዱ አይመስሉም። አንድ ሽማግሌ አንድ ቀን "የእናቴን ስም እሷን ለማያውቅ ዕቃ ምን ብዬ ነው የምነግር?" ቢሏቸው፣ "ለእኔ ይንገሩኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ" አሏቸው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

ማክሰኞ ዕለት የየሺዋስን ፎርም አብረውኝ ጀመሩት። ስም፣ ትውልድ፣ ያስተማረበት ዓመት። ትምህርት ማስረጃውና ፎቶው ገና ስላልደረሰ ሳንጨርሰው ቀረ። በእሱ ስልክ ቦታ የእኔን አስገባን፤ የእሱ አይሠራማ። ማብቂያው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር።

ፖስታው ከሾፌር ሾፌር እየተቀባበለ ሐሙስ ማታ ደረሰልኝ። ውስጡ ማስረጃው፣ የሺዋስ የጓደኛውን ከረባት አስሮ የተነሣው ፎቶ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ደግሞ ሁለት መስመር። "ወረቀቱ እንዳይታጠፍ። ፎቶውን እናታችን እንዳታየው፣ ከረባቱ ያስቃታል።" ዓርብ ጠዋት ደረሰኝ ልለው ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ቻርጅ ጨርሶ ነው ብዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ሰኔ ገብቷል። የሞጣ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ከትምህርት ቤት ስወጣ ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርድ ነበር፤ ፖስታውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሸሚዜ ሥር ሆዴ ላይ አደረግሁት። ታዛ ሥር ቅቅል ድንች በአዋዜ ከምትሸጥ ሴት ሁለት ገዝቼ እየበላሁ ሮጥኩ። ጣቴ ትኩስ፣ እግሬ በረዶ ነበር። ያን ሙቀት እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ገባሁ። ስምንት ሰዓት አልፏል። አምስት ስድስት ሰው ኮምፒውተሮቹን ከቦ ነበር፤ ስገባ ዝም አሉ። የክፍል ጓደኛዬ አንዱዓለም ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ሰላም ሳይለኝ በጎኔ አልፎ ወጣ። ተጣልተን ይሆን ብዬ አሰብኩ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ወንድሜን ሌሊት ሆዱን አሞት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት መንገድ ላይ ነው ያረፈው። ቀትር ላይ አንድ የሥራ ባልደረባው ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አወጣው። ያው ፎቶ ነው፣ ባለ ከረባቱ። እኔ ሆዴ ላይ ይዤው ስገባ፣ እነሱ ሻማ ተደርጎበት እያዩት ነበር።

እትዬ ዘይነባ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

"ዛሬ ኔትወርክ የለም" አሉኝ።

"የዋይፋይዋ መብራት እኮ ትበራለች፣ እትዬ።"

"መብራቷ ትበራለች። መስመሩ የለም።"

ሌሎቹ አንድ በአንድ ስክሪናቸውን አጠፉ። እጠብቃለሁ ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሁልጊዜ ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ ጡረተኛ ከቦታቸው ተነሥተው መጥተው ራሴን ዳሰሱኝና ተመለሱ። ገረመኝ። እትዬ ዘይነባ የራሳቸውን ሻይ አመጡልኝ። አልጠጣሁትም። ሰዓቱን ብቻ አያለሁ። ዘጠኝ ሆነ። ቴሌ ቢሮ ሮጬ ልጠይቅ ስል፣ "እኔ ደውዬ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ተቀመጥ" አሉኝ። ይህን ዕድል ካጣ የሚቀጥለው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። እንዲህ ታምኖብኝ አንድ ነገር ተሰጥቶኝ አያውቅም ነበር።

ዘጠኝ ተኩል ላይ አንድ ሰው ከውጭ ገብቶ አንዱን ኮምፒውተር ከፈተ። ነገሩን አላወቀም መሰለኝ። ስክሪኑ ላይ ገጹ ፏ ብሎ ወጣ። በዓይኔ አየሁት። ሁለታችንም፣ እኔም እትዬ ዘይነባም አየነው። ፈጥነው ሄደው አጠፉበት።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን እንዴት እንደምጽፈው እንጃ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ስላቸው የኖርኩትን ሴት አንቺ አልኳቸው።

"አንቺ ምን አለብሽ?" አልኳቸው። "ደሞዝሽን ትበያለሽ። ከሰው አገር መጥተሽ የእኛ ሰው ቢማር ባይማር ምን ቸገረሽ?"

በሌላ ቀን ቢሆን ጡረተኛው በከዘራቸው ይመቱኝ ነበር። እትዬ ዘይነባ ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ ተመለሰ።

"ልክ ነህ" አሉኝ። "ፖስታውን ስጠኝ። መስመሩ ሲመጣ እኔ እልከዋለሁ። አደራ በለኝና ሂድ።"

"አደራ" አልኩ እያለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት።

"አብሽር" አሉኝ።

ያን ጊዜ አንዱዓለም ከአክስቴ ጋር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ለካ ሲወጣ እሷ ዘንድ ነው የሄደው። አክስቴ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ "እናትህን ትንሽ አሟታልና ቢቸና እንሂድ፣ መኪና ይዘናል" አለችኝ። አንዱዓለም አብሮን ሄደ። ለምን እንደሚሄድ አልጠየቅሁም። ጉንደወይንን አልፈን፣ ደብረ ወርቅን አልፈን፣ መንገዱን ሁሉ ለየሺዋስ ስደውል ነበር። ኔትወርክ እንቢ እንዳለኝ፣ የእኔ ጥፋት እንዳልሆነ ልነግረው። አንዱዓለም በየመሃሉ ቆሎ በእጄ ያደርግልኛል። አክስቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። አዲስ የታረሰው መረሬ አፈር ጥቁር ብሎ ውሃ አቁሯል።

ቤት ስንደርስ እናቴ ደህና ናት። ጤፍ ስትነፋ አገኘናት። ደስ አላት። "ማን ነው ታማለች ያላችሁ?" አለች። አክስቴ "ናፍቀሽን ነው" አለች። እናቴ ወንፊቱን አስቀመጠች። እኔን አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ሁለታችንም ያን ጊዜ የገባን ይመስለኛል። ግን ማናችንም አልጠየቅንም። እራት ቀረበ፣ በላን። ሲነጋጋ የንስሐ አባታችንና የሰፈሩ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። በአገራችን ወግ እንዲህ ነው መርዶ የሚነገረው፤ ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ አፍ፣ የሚይዝህ ሰው በግራ በቀኝህ ቆሞ። በግራዬ አንዱዓለም ነበር።

ከአርባው በኋላ ወደ ሞጣ ተመለስኩ። አንዱዓለም ለቅሶ ላይ ሁሉን ነግሮኝ ነበር፤ መስመሩ እንዳልጠፋ፣ እትዬ ዘይነባ ከመግባቴ በፊት "ልጁ ሲመጣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል" ብለው ሰውን እንዳስማሉ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሲያዩኝ መሳቢያቸውን ከፍተው ፖስታውን ሰጡኝ። ማስረጃው አልታጠፈም። ከላዩ ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጽ የታተመ ወረቀት ነበር።

"ላኩት?"

"የዚያኑ ዕለት፣ አሥር ተኩል ላይ።"

"እያወቁ?"

"እያወቅሁ።" ጠረጴዛውን በእጃቸው ጠረጉት፣ ንጹሕ ነበር። "ሞቱን መንገር የእኔ አልነበረም። የሽማግሌ ነው፣ በእናትህ ደጅ ነው። ከስክሪን ላይ አንብበህ እዚህ ወለል ላይ ስትወድቅ ማየት አልቻልኩም። በእጄ የቀረው ፎርሙ ብቻ ነበር። አደራ ብለኸኝ ሄድክ።"

ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። "ስንት ሰዓት ነው የምትዘጉት?" አልኳቸው። "እንደ ሁልጊዜው፣ አሥራ አንድ ተኩል" አሉኝ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተዛወሩ።

ነሐሴ ላይ፣ ለክረምቱ እናቴ ዘንድ ቢቸና ሳለሁ፣ ስልኬ መልእክት ተቀበለ። አመልካች የሺዋስ አለነ ለመግቢያ ፈተና ደብረ ማርቆስ እንዲቀርቡ ይላል። ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ ሉማሜ ጓደኛ ልጠይቅ ብያት፣ በደጀን ዞሬ ሉማሜን በመስኮት እያየሁ አልፌ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። መሞቱን ልነግራቸው ነበር መሰለኝ፣ ስሙን እንዲሠርዙት።

በሩ ላይ አንድ ሰው ጃንጥላ ሥር ቆሞ ስም ይጠራል። መምህራኑ "አቤት" እያሉ ይገባሉ። ብዙዎቹ እንደ እሱ የገጠር መምህራን ናቸው፤ ጫማቸው ያስታውቃል። "የሺዋስ አለነ" አለ። ደግሞ ጠራ። ሦስተኛ ሲጠራ አንድ የማላውቀው መምህር ከሰልፉ ውስጥ "መኪና አጥቶ ይሆናል፣ ከሩቅ የሚመጣ አለ፣ ትንሽ ጠብቁት እንጂ" አለ። ሌሎቹም "ይጠበቅ፣ ይጠበቅ" አሉ። ሰውዬው ሰዓቱን አይቶ "እሺ፣ አምስት ደቂቃ" አለ።

ስለዚህ ጠበቁት። ያ ሁሉ ሰው ዝናብ እየመታው፣ ወደ መንገዱ እያየ ወንድሜን ጠበቀው። አንድ ባጃጅ ሲታጠፍ "ይኸው መጣ" ያለም ነበር። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜአለሁ። አሥር እርምጃ አይሆንም። እግሬ አልሄደልኝም፣ አፌም። አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ሰውዬው በስሙ ላይ መስመር አሰመረና በሩ ተዘጋ።

ይኸው አራት ዓመት ሊሆነው ነው። እናቴ ይህን አታውቅም። ልጇ እንደተጠራ፣ የማያውቁት ሰዎች ቆመው እንደጠበቁት ብታውቅ ደስ ይላት ይሆን ወይስ እንደገና ይገድላት፣ ያንን አላውቅም። ያን ዓርብ ሁሉም ያውቅ ነበር፣ የማላውቀው እኔ ነበርኩ፤ አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ። የትኛው እንደሚከብድ ብትጠይቁኝ አሁንኛው ነው። ለመርዶ ጎህ አለው፣ ሽማግሌ አለው፣ የሚይዝ ሰው አለ። ለእንዲህ ያለው ነገር ግን ማን ወግ አበጀለት?

አንዳንድ ጠዋት ቁርስ አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ ስትቀመጥ ዛሬስ ብዬ እጀምራለሁ። ቀና ብላ ታየኛለች። "ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ" እላታለሁ።

"ይመጣል" ትለኛለች።