የወፍጮው ሞተር መንገድ የወጣ ጊዜ

ሰሞኑን ደብረ ታቦር መናኸሪያ ጀርባ ባለ አንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ ቀለም የተቀባ አሮጌ ላሜራ በእሳት ሲቆረጥ የሚያወጣው ያ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ለእኔ ግን ከሽቶ የማይተናነስ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ የምሄድበትን ረስቼ ቆምኩ። በያጁ ልጅ ጭምብሉን ከፍ አድርጎ «ምን ልታዘዝ እናቴ፣ በር ነው መስኮት?» ቢለኝ ዓይኔን ከላሜራው ላይ አላነሣሁም፤ ልቤ የሄደው ወደ መኪናችን ነበርና።

አባቴ ከደብረ ታቦር እብናት ሰውና እህል የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። መኪናዋ የሆነ መሥሪያ ቤት አገልግላ ስታረጅ የተሸጠች የቤንዚን የመስክ መኪና ስትሆን፣ አባቴ ከኋላዋ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ገጥሞላት ከእኛ ከልጆቹ እኩል ይሳሳላት ነበር። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከእብናት ሲመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሯ ደርቆ ቀረ። በበሬ ተጎትታ ግቢያችን ገባች፤ ዶሮዎቻችን ከኋላ ወንበሯ ሥር እንቁላል መጣል ጀመሩ፤ አባቴም ከእሷ ጋር ዝም አለ። ጠዋት ይነሣና መስታወቷን ይወለውላል፣ ከዚያ ሌላ የሚሠራው ስለሌለው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል። እኛም ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ማውራት ለመድን።

ከእኛ አጥር ማዶ ወፍጮ ቤት የነበራቸው እማማ ጥሩ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ወፍጯቸውን በመብራት የሚሠራ ስላደረጉት የድሮው የናፍጣ ሞተር ጆንያ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል። ይህ ሞተር ወፍጮ ቤት ከመግባቱ በፊት ከተገለበጠች ፒክአፕ የወጣ መሆኑን ያስታወሰችው እናቴ ናት፤ ለአባቴ ሳትነግረው አጥሩን ተሻግራ ለመነቻቸው። እማማ ጥሩ በበነጋው ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«ሞተሩን ውሰደው» አሉት አባቴን። «ግን ልጄ እብናት ናት ያገባችው። ልጠይቃት ስነሣ ከኋላ እንደ ጆንያ ተጭኜ አልሄድም። ሹም ቢመጣ፣ ቄስ ቢመጣ የፊቱ ወንበር የእኔ ነው።»

«አንቱ ካሉ ማን ይቀመጥበታል!» አለ አባቴ፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ።

ብየዳውን የያዘው አያ ደምሌ በርና መስኮት ሲሠራ የኖረ እንጂ መኪና ነክቶ የማያውቅ ጎረቤታችን ነው። ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አቁመው ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥለው ሲያወርዱት፣ ከተዘጋጀለት ቦታ ረዝሞ ተገኘ። አያ ደምሌ ጢሙን እያሻሸ ብዙ ዞረው፤ ከዚያ የመኪናዋን ግንባር ቆርጦ ወደ ፊት አወጣውና ከዘይት በርሜል ላሜራ አዲስ አፍንጫ ሠራላት። ማርሹና ሞተሩም ቀዳዳቸው አልገጥም ስላለ፣ በመካከላቸው የሚገባውን ወፍራም ብረት ለመብሳት ልኩን ካርቶን ላይ በጥላሸት እያተሙ ሲከራከሩ ከረሙ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ይህ ምንድን ነው፣ ያ ለምን ይሽከረከራል፣ ናፍጣው ያለ እሳት እንዴት ይነዳል ስል፣ አያ ደምሌ ሳያፍር «እሱን እኔም አላውቀው፤ አብረን እናያለን» ይለኛል። አዋቂ ሰው አላውቅም ሲል የሰማሁት ያኔ ነው፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የሞተሩን ክብደት የሚሸከም እግር ለመበየድ ጠንካራ ብረት ሲጠፋ አያ ደምሌ እልፍኝ ድረስ ገባ።

«ደግሞ ምን ልትወስድ ነው?» አለች እናቴ።

«አልጋውን።»

እናቴ አባቴን ገርመም አድርጋ «ውሰደው፤ መኪናዋ መንገድ ላይ ከቆመች ግን እሱም እዚያው አብሯት ይደር» ብትል፣ አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወላጆቼ መደብ ላይ ተኙ።

ሞተሩ የተነሣ ዕለት ግቢው በጭስ ተሸፈነ፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ጭሱ ሳይገፈፍ ሁለት ሴቶች ከታች ሰፈር ጤፋቸውን ተሸክመው በራችን ላይ ቆሙ፤ ድምፁን ለዓመታት ያውቁታልና።

«የናፍጣው ወፍጮ ተመለሰ እንዴ?» አለች አንደኛዋ።

አባቴ በዘይት የተለቀለቀ ፊቱን ብቅ አድርጎ «ተመልሷል፤ እንግዲህ የሚፈጨው መንገድ ነው!» አላት።

የመጀመሪያው ጉዞ ቅዳሜ ሆነ። ስንመለስ ያ ዳገት ላይ የኋላው ተሳፋሪ ሁሉ ወሬውን አቋረጠ፤ እማማ ጥሩ ከፊት ሆነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ እኔ ከእግሬ ሥር ያለውን ብረት ትርታ በጫማዬ ውስጥ አዳምጣለሁ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ሰላም ብሎን የእህሉን ዋጋ ጠይቆን ለማለፍ ጊዜ ነበረው። ግን ወጣች። አባቴ ጫፉ ላይ አቁሞ ወረደና ጀርባውን ሰጥቶን የጉና ተራራ ነፋስ እየገረፈው ብዙ ቆመ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አቧራው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራች። ሚኒባሶች በዝተው፣ የአባቴም ጉልበት አልታጠፍ እስኪል ድረስ። ዛሬ እሱም፣ እማማ ጥሩም፣ አያ ደምሌም የሉም። እኔም መኪና አለኝ፤ ስትታመም ጋራዥ አስገብቼ የታሸገ ዕቃ ተቀይሮላት እወስዳታለሁ፤ ውስጧ ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም፣ ማየትም አላማረኝም። ያቺ ሁሉን የምትጠይቅ ልጅ መቼ ትታኝ እንደሄደች አላውቅም።

አባቴ መንዳት ሲያቆም መኪናችን ተሸጠች፤ የገዛት የይፋግ ሰው ሊወስዳት የመጣ ቀን አባቴ ከቤት አልወጣም። እኔ ሸኝቼ ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ አገኘሁት።

«ከግቢው ሲወጣ አቀበቷን በስንተኛ ማርሽ ወጣት?» አለኝ።

«በአንደኛ።»

«እሷኮ በሁለተኛ ትወጣታለች፤ እንግዲያ ገና አላወቃትም» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ።