እኔ የመረጥኩት ቤት

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። እናቴ ከክረምቱ መውጫ ወዲህ ለሦስተኛ ጊዜ ወባ ይዟት፣ በዚያ ሙቀት ጋቢዋን እስከ አገጯ ተከናንባ አግዳሚው ላይ ትንቀጠቀጣለች። ድሬሰሩ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ፣ «እኚህን ሴትዮ ወደ ደጋ ካላወጣሻቸው የሚመጣውን ዓመት አያዩትም» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «እሺ» አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እዚያ እርሻ ጽሕፈት ቤት ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። መንግሥት የመደበኝን ቦታ ትቼ መሄድ አልችልም፤ ዝውውር ብጠይቅም መልስ የለም። የምንኖረው ቀበሌ ባከራየን አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ይመልስብናል። ስለዚህ ሌላ መንገድ አሰብኩ። እናቴ ደጋ የምታድርበት፣ እኔ ጠዋት ወርጄ ማታ የምመለስበት፣ አቅሜ የሚችለው ትንሽ ቤት።

ጥንቁቅ ነኝ። ሳልሞክር አልወስንም። አጣዬ ሄድኩ፤ ቤቱ ርካሽ ነው፣ አውቶቡስ አይጠፋም፣ ቢምቢው ግን ከእኛው ጋር አንድ ነው። አርማንያ አየሩ ደስ ይላል፤ ዋጋውም ከሁሉ የቀለለ ነበር። ለምን እንደቀለለ የገባኝ አንድ ጠዋት መንገድ ዳር ቆሜ ስጠብቅ ነው፤ ጭነት የያዘ መኪና በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ለማንም አይቆምም። የዚያን ቀን ቢሮ የገባሁት ሰው ለምሳ ሲወጣ ነው። የቀረው ደብረ ሲና ነበር። እዚያ ሁሉም ይቆማል፤ ሾፌሮቹ ቁርስ ይበላሉ፣ ፍሬን ያበርዳሉ። ስለዚህም የቤቱ ዋጋ አይቀመስም።

በከተማዋ ግርጌ ግን አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ቤታቸውን ሊሸጡ መሆኑን ሰማሁ። ደሴ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ዘግተውት ቢሄዱ ቀበሌው ትርፍ ቤት ነው ብሎ ይወርሰዋል። ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣ በጓሮው አንድ የኮክ ዛፍ። የውስጠኛው ክፍል መስኮት ቁልቁል ወደ ይፋት ያያል፤ ቆላው ከሩቅ ሲያዩት ሰማያዊ ሆኖ ያምራል። በልቤ የእናቴን አልጋ በመስኮቱ በኩል አደረግኩ፣ የእኔን ከግድግዳው ጥግ። መጻሕፍቴ የሚቀመጡበትን ሳይቀር አሰብኩ። ለሴትዮዋ ግን ምንም አልተናገርኩም።

መናገር የአጎቴ ሥራ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም እዚያው ደብረ ሲና ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር በአንድ የቀበሌ ክፍል ይኖራል።

«ሴት ልጅ ብቻዋን የቤት ዋጋ አትነጋገርም፣ ይንቁሻል» አለኝ። «ደግሞ አንቺ! ሰላምታ እንኳ በአማላጅ ነው የምትሰጪ።»

ሚስቱ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ነው፤ ስለሚናገርልኝም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሴትዮዋ ዘንድ ስንደርስ አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገና፣ «እትዬ፣ ይህቺ ልጅ አባት የላትም» አለ። «እናቷ ቆላ ላይ በወባ እያለቀችባት ነው። እስቲ ለነፍስዎ ይበሉ።»

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ዲዳ ናት እንዴ?»

«የተማረች ዲዳ!» አለ አጎቴ፤ እንደገና ሳቅን።

ሴትዮዋ አልሳቁም። እኔ ልከፍለው እስከምችለው ድረስ ከዋጋው ቀነሱ። ጉንጬን ዳሰስ አድርገው፣ «ለእናትሽ ስል ነው» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ። ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባ ማኅበር ብድር እስኪፈቀድልኝ በሁለት ሳምንት ተቀጣጠርን።

ብድሩ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ በሐሙስ ቀን ተፈቀደ። አለቃዬን አስፈቅጄ በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ። ሴትዮዋ በር ላይ ተቀምጠው ዕቃቸውን በኬሻ ይጠቀልላሉ። ሲያዩኝ ግራ ተጋቡ።

«ምነው ልጄ? ለአጎትሽ ሸጥኩለት እኮ። ትናንት ገንዘቡን ተበድሮ አመጣና ቀበሌ ሄደን ጨረስን።»

«ለእኔ ነው?» አልኩ። ለሴትዮዋ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

«ለራሱ ነው እንጂ። ‹እሷ ተወችው፤ እህቴን እኔው ላኖራት ነው› አለኝ። በተቆረጠው ዋጋ ሰጠሁት፣ ለእናትሽ ብዬ።» ከዚያ ድምፃቸው ወደ ቁጣ ሄደ። «እኔስ በምን ልወቅ? አንድ ቀን ‹ቤቱን እፈልገዋለሁ› ስትዪ ሰምቼሻለሁ?»

አጎቴን ቀበሌ ክፍሉ ሄጄ አላገኘሁትም። ሚስቱ በሩን በግማሽ ከፍታ፣ «አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ፣ ሌላ አታጪም። እኛ ስድስት ነፍስ ነን» አለችኝ። ከኋላዋ ልጆቹ ባንድ መደብ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ስድስት ነፍስ መሆናቸው እውነት ነው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ውሸቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በደንብ እጠላቸው ነበር።

ማታ ሸዋ ሮቢት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት አልደነገጠችም። ጋቢዋን ወደ ላይ ሳብ አደረገች።

«ልኮብኛል» አለች። «አልጋ አዘጋጅቶልኛል። እንዳትጣዪው፣ ወንድሜ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ እሑድ እሑድ ትመጫለሽ።»

ማን እንዲኖርበት፣ ማን የት እንዲተኛ፣ ሁሉም ተወስኗል። ማንም እኔን የጠየቀ የለም። ብጮህ ደግሞ እናቴ የምታድርበትን ቤት ነው የምረብሸው። ሌሊቱን ስትቃዥ እየሰማሁ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ልብሷን በአንሶላ ቋጥሬ ከእሷ ጋር ጋቢና ተሳፈርኩ። መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው እናቴ ነፋሱን በአፍንጫዋ እየሳበች ፈገግ አለች። ስንደርስ አጎቴ በገዛው ቤት በር ላይ ቆሟል፤ ሁለት ጎረቤቶች አግዳሚ ወንበር እያስገቡለት ነበር።

«ግቢ እንጂ! ቤትሽ እኮ ነው» አለኝ።

ገባሁ። አልጋዋን በር አጠገብ ነበር ያነጠፉት። ፈቃድ ሳልጠይቅ ጎትቼ በመስኮቱ በኩል አደረግኩት፤ አስተኛኋትና ወጣሁ። ደጅ ላይ፣ «ጋሼ» አልኩት፣ ጎረቤቶቹ እንዲሰሙ። «ቤቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ዋጋውን የቀነሱልዎ ለእናቴ ሕመም ብለው ነው። ከዚያ መስኮት አጠገብ እንዳታነሷት።»

ወንበር የያዙት ሰዎች ባሉበት ቆሙ። አጎቴ፣ «አሃ! አፍ አወጣሽ?» ብሎ ሳቀ። አብሮት የሳቀ ሰው አልነበረም።

ወደ አስፋልቱ ወጥቼ ፍሬን ያበረደ የጭነት መኪና እጄን አንስቼ አስቆምኩ። ሾፌሩ ከፍ ብዬ ስገባ ቤቶቹን በአገጩ እያመለከተ፣ «እዚህ ነው ቤትሽ?» አለኝ።

«አይ፣ እናቴ ናት እዚህ ያለችው» አልኩና በሩን ዘጋሁት።