ፋሪሃ ከጣሪያው ላይ ያየችው ነገር

ፋሪሃ ከወሎ ወደ ጎረቤት አገር ተሻግራ፣ ጀሪፍ በሚባል ወንዝ ዳር ያለ የከተማ ሰፈር ውስጥ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። በአገሩ ጦርነት ሲጀመር አሠሪዎቿ ሸሹ፤ እሷ ግን ከአልጋ መነሣት ከማይችሉት እናታቸው ከሐጃ ሱዓድ ጋር ቀረች።

አንድ ማለዳ ጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጣ፣ ክብ ነጭ ነገር ያለ ድምፅ ከወንዙ በላይ ቆሞ አየች። ወዲያው ሽቅብ ተወንጭፎ ጠፋ። ይህንኑ ለዳቦ ተሰልፋ ሳለ አወራች። ወሬው ወታደሮች ዘንድ ደረሰና መጥተው ወሰዷት።

"ድሮን ነው አይደል? ለማን ነው ምልክት የሰጠሽው?" አላት መኮንኑ።

"ወላሂ ድሮን ይጮኻል፤ ይሄ ዝም ያለ ነው። ጌታዬ፣ ሐጃ ብቻቸውን ናቸው፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። እባክዎ ሰው ይላኩላቸው።"

"መጀመሪያ እውነቱን ተናገሪ።"

ያየችውን ደጋግማ ብትነግራቸውም አላመኗትም። ከቀናት በኋላ መኮንኑ "ምን እንደሆነ እኛም አላወቅንም፤ ሂጂ" ብሎ ለቀቃት።

እየሮጠች ስትደርስ በሩ ተሰብሯል፤ አልጋው ባዶ ነው።

"ድምፃቸው ሲጠፋብን ሰብረን ገባን፤ ግን አልደረስንላቸውም" አለቻት ጎረቤቷ። "ዛሬ ጠዋት ቀበርናቸው።"

ካይሮ የሸሸው ልጃቸው ሲደውል ፋሪሃ ሁሉንም ነገረችው። "ያንቺ ጥፋት አይደለም" አላት እያለቀሰ። እሷ ግን "ምነው አፌን በያዝኩ ኖሮ!" አለች።